ጋሼ ምንይችልና የሃምሳው ክርክር

ጋሼ ምንይችል ማረፋቸውን የሰማሁት ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እያስመዘንኩ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ስመኝ ናት። «አባዬ ሄደብን» አለችና ድምጿ ተቆረጠ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የታየኝ ሰውየው ካሜራቸውን ዓይናቸው ላይ ደግነው፣ የኋሊት እየተራመዱ፣ ከሰው ዳስ ሲወጡ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ሽንኩርት ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣና ሴትየዋ ግራ ገባት። «ሽንኩርቱ ነው እንዴ የኔ እናት?» ስትለኝ፣ «አዎ፣ ሽንኩርቱ ነው» አልኳት።

ጋሼ ምንይችል እንጅባራ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሳቸው ያነሳሉ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ አስተካክዬ አትማለሁ፤ የሠርግ ወራት ሲደርስ እኔም ካሜራ ይዤ እወጣለሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካፖርታቸውን በሚያዝያ ፀሐይ እንኳ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ለምን ሲባሉ፣ «የእንጅባራን ሰማይ አምኜው አላውቅም» ይላሉ። ደግሞም እውነታቸውን ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ያወጣ ሰማይ ምሳ ሰዓት ላይ ጉም ለብሶ፣ ማታ በረዶ ሲያወርድብን አይተናል።

ሰው ለመነሳት ሲመጣ ወንበር ላይ ያስቀምጡና ጎንበስ ብለው፣ «ዓይንህን አበድረኝ፤ አሁኑኑ እመልስልሃለሁ» ይሉታል። ሰውዬው ፈገግ ሲል ቀጭ! ገበሬ ከመጣ በአገውኛ ያስቁታል፣ አስተማሪ ከመጣ በአማርኛ፣ ሕፃን ከመጣ በከረሜላ። ፖሊስ ግን አይስቅላቸውም ነበር። አንድ ሃምሳ አለቃ አለ፣ ለመታወቂያ ፎቶ በመጣ ቁጥር እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቀመጣል። «ይሄ ሰውዬ ዓይኑን አያበድርም፤ የመንግሥት ንብረት ነው መሰለኝ» ብለውኝ ያውቃሉ፣ እሱ እየሰማ።

በሁሉም ነገር ሲቀልዱ፣ የማይቀልዱበት አንድ ነገር ነበራቸው፤ እሱም ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። በፊልሙ ዘመን ይሠሩባት የነበረችው ካሜራ ላይ ተገጥሞ የኖረ ሌንስ ሃምሳ ነበር። ስለዚህ ሃምሳ ሃይማኖታቸው ሆነ። «ሃምሳ የሰው ዓይን ነው» ይላሉ ጣታቸውን ወደ ጣሪያ ቀስረው። «ከሱ የሰፋው የሰውን ፊት ዱባ ያስመስላል። ከሱ የጠበበው ደግሞ ሰላይ ነው፤ በሩቅ ሆኖ ሰው ጓዳ ያያል።»

ዘመኑ ሲለወጥ አንድ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ገዙ። አብሮት የመጣው ሌንስ የሚወጣ የሚገባ ዙም ነው። ሜዳ ላይ በቀን ደህና ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ግን ዳፍንታም ነው፣ ያለ ፍላሽ አያይም። ሌላም ነገር አለው። ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ከድሮው ፊልም ያንሳል፤ ሌንሱ ከሚያሳየው ላይ ዳር ዳሩን ቆርጦ መሐሉን ብቻ ይወስዳል፤ ክሮፕ ይሉታል። ስለዚህ በዚህ ካሜራ ላይ የድሮውን ሃምሳ የሚመስለው ሠላሳ አምስቱ ነው። ሃምሳው ሲገጠም እንደ ሰባ አምስት ይሆናል፤ ያቀርባል፣ ያጠባል። ይህን ኔትዎርክ በመጣ ቀን ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ብነግራቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት።

«የምን ክሮፕ ነው የምታወሪው? ሃምሳ ጥሊሊም ሃምሳ ነው፣ ዳንግላም ሃምሳ ነው። የጤፍ ዋጋ መሰለሽ እንዴ፣ ገበያ ገበያው የሚለያይ?»

«ጋሼ፣ ሌንሱ አልተለወጠም፤ ካሜራው ነው የሚቆርጠው።»

«ታዲያ ካሜራው ይታረም! ፕሮፌሰር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ፕሮፌሰር ሆኖ ቀረ። ቡና ሲያዙልኝ እንኳ፣ «ለኔ ወፍራም፣ ለፕሮፌሰር ክሮፕ የተደረገ» ይላሉ።

ነገሩ በቀልድ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን የስመኝ ሠርግ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ዳንግላ ላለ አንድ ደህና ልጅ ልትዳር ነው። ስመኝ አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ እትዬ የሺ ደግሞ ታመዋል። መጀመሪያ እግራቸውን ያዛቸው፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ታወከ። ብርሃን ይወጋቸዋል፤ የሚተኙበት ክፍል መስኮት ላይ ነጠላ ተጋርዶ ነው የሚውለው። ፍላሽ አንዴ ቢበራባቸው ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ሐኪም ቤት ተመላልሰው ተመላልሰው ሐኪሞቹም ዝም ማለት ጀምረው ነበር። ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ የሚናገረው ግን የለም።

እትዬ የሺ ዳስ ድረስ መውጣት አይችሉም። ስለዚህ ሙሽሮቹ እዚያው ክፍል ገብተው የወላጅ ጉልበት ስመው፣ ተመርቀው እንዲወጡ ተወሰነ። እሳቸው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄን ስመርቃት የሚያሳይ አንድ ፎቶ ይቅርላት። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ። ጋሼ ምንይችልም ማሉላቸው፤ ያለ ፍላሽ፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ፎቶ።

ለዚህ ዓይኑ ሰፊ የሆነ፣ ጨለማ ውስጥ ብርሃን የሚለቅም ሌንስ ያስፈልጋል። አንድ ነጥብ ስምንት የሚባለው ነው። የድሮው ሃምሳ በዲጂታሉ ላይ አይገጥምም፤ ለኛ ካሜራ የሚሆን ሁለት ዓይነት አለ፣ ሠላሳ አምስትና ሃምሳ። አቅማችን ለአንዱ ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ይሠራ ስለነበር ለሠርጉ ሲመጣ ገዝቶ ሊያመጣልን ተስማማ። የቀረው የትኛውን እንደሚያመጣ መንገር ብቻ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሲነጋ የምንከራከረው በሱ፣ ሲመሽ የምንለያየው በሱ።

አንድ ዘዴ ነገርኳቸው። «ዙሙን ሃምሳ ላይ እናድርገውና በፕላስተር እንጠርንፈው። ጥቂት ይሥሩበት። ከተስማማዎት ሃምሳውን እናስመጣለን፣ አፌን እዘጋለሁ።» በደስታ ተቀበሉ። ፕላስተሩን እሳቸው ራሳቸው እንደ ስብራት ጠቀለሉት።

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ነው ጋሼ ምንይችል የኋሊት መሄድ የጀመሩት። ሰው በፎቶው ውስጥ አልገባ ይላቸዋል፤ ወደኋላ ይላሉ። አሁንም አልገባ ይላል፤ አሁንም ወደኋላ። ጥሊሊ አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ተደርድረው ሲጠብቁ፣ ጋሼ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ የኋሊት ሄደው ሄደው ከዳሱ ወጡ። ግቢውን አቋረጡ። በመጨረሻ ወጥ ከሚሠሩት ሴቶች መሐል ገብተው፣ የተላጠ ድንች የሞላበት ሳፋ ላይ ቁጭ አሉ። ከሴቶቹ አንዷ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ «ጋሼ፣ ሥዕሉን ከዚህ ነው የሚያነሱት ወይስ ጨው ሊቀምሱልን ነው?» አለቻቸው። ካፖርታቸውን እያራገፉ ተነሱና፣ «ፎቶ አንሺ እግር ከሌለው ነው ዙም የሚገዛው!» አሉ። ከኋላ ካፖርታቸው ላይ የድንች ልጣጭ ተለጥፎ ነበር፤ እስከ እንጅባራ በሚኒባሱ ይዘውት መጡ፣ ማንም አልነገራቸውም።

ዘንገና ሐይቅ ላይማ የባሰ ሆነ። የኛ አገር ሙሽራ ሐይቁ ዳር ሳይነሳ ሠርጉ ሠርግ አይመስለውም። ጋሼ ሙሽሮቹን ዛፍ ሥር አቁመው፣ እሳቸው ገደሉን ጀርባቸው አድርገው ወደኋላ ማለት ጀመሩ። ሚዜዎቹ ደነገጡ። ሁለት ጎረምሶች ሮጠው በካፖርታቸው ጫፍና ጫፍ ይዘው እንደ በሬ አቆሟቸው። «ልቀቁኝ፣ የሙሽራዋ ቬሎ ጫፉ ቀርቶኛል!» ይላሉ። «ጋሼ፣ ቬሎው ይቅር፣ እርስዎ ይትረፉልን!» ይላሉ ልጆቹ። ከዚያ በኋላ ከተማው «ጋሼ የኋሊት» የሚል ስም አወጣላቸው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያልፉ፣ «ጋሼ የኋሊት፣ ወደኋላ ላድርስዎት?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ብድግ ያደርጋሉ።

ግን እምቢ አሉ። ግትር ነበሩ ስላችሁ! እንዲያውም ዳንግላ ካለ ጓደኛቸው እውነተኛውን ሃምሳ፣ አንድ ነጥብ ስምንቱን፣ ለአንድ ቀን ተውሰው መጡ። «አሁን በፕላስተር መጫወት ይቅር። እትዬ የሺ ክፍል ገብተን እንየው» አሉ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በቀርከሃ ከጓዳው የተከፈለ። እትዬ የሺ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስመኝ ፊታቸው ተንበረከከች። እኔን ደግሞ ሙሽራ አድርገው ከጎኗ አንበረከኩኝ። ጋሼ ጥጉ ውስጥ ገብተው፣ ጀርባቸውን ቀርከሃው ላይ ለጥፈው አነሱ። ከዚያ ካሜራውን እንደ ዋንጫ ወደኔ አዞሩልኝ።

እውነቱን ልናገር። ያ ጨለማ ክፍል በርቷል። የእትዬ የሺ ፊት ከነሽብሽቡ፣ በነጠላው በኩል ከምትገባው ትንሽ ብርሃን ጋር፣ ለስልሶ ተቀምጧል። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ቀልጦ ጠፍቷል። እጃቸው የስመኝ ራስ ላይ ነው። የኔም ትከሻ ገብቷል። ሁሉም በሃምሳው ውስጥ ልክክ ብሏል።

«እህሳ ፕሮፌሰር?» አሉኝ።

«ገብቷል» አልኳቸው። ምን ልበል?

«ሰማሽ የሺ? ፕሮፌሰር እጅ ሰጠች!»

እትዬ የሺ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያወሩት፣ ሲደክማቸው እንደዚያ ነው። «ይሁን እንግዲህ» አሉ። «እኔ እዚህ ነኝ። ልጄ እዚህ ናት። ሙሽራውም ያው፣ ጢም ባያበቅልም አለ። አንተስ የት ነህ?»

«እኔማ እዚህ» አሉ ጋሼ ካሜራውን መታ መታ እያደረጉ።

«እዚያ ጥግ የቆመ አባት ነው እንዴ? ልጅቱ የማንን ጉልበት ልትስም ነው? የዚያን የባለ ሦስት እግሩን?» ጥጉ ላይ የካሜራ ማቆሚያው ቆሞ ነበር። ስመኝ ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን ነከሰች።

«ፎቶ አንሺ አይነሳም፣ የሺዬ። የሙያ ነገር ነው።»

«የሙያህን ነገር ተወኝ። በሠርጋችን ቀን እንኳ ፎቶ አንሺውን እንዲህ ያዝ፣ እንዲያ ያዝ ብለህ ስታርመው ጊዜ ማጅራትህ ብቻ ነው የወጣው። እኔ ከማጅራት ጋር ነው ያገባሁት።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ በአገውኛ ጀምረው ወደ አማርኛ ተመለሱ። «ነገ ይቺ ልጅ ፎቶውን ስታይ እናቴ ብቻዋን መረቀችኝ ትበል? እኔ ብቻዬን ልነሳ አልችልም። አንተ ከሌለህበት ፎቶው ይቅር።»

ሁላችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በሚሊ ሜትር ስንነታረክ ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። ፎቶውን እሳቸው ያነሳሉ፤ ይህ እንደ ፀሐይ መውጣት ነው፣ አይጠየቅም። አባትም እሳቸው እንደሆኑ ግን ሁላችንም ረስተነው ነበር፣ እሳቸውም ጭምር።

ጋሼ ከጓዳ ወንበር አምጥተው ከአልጋው አጠገብ አስቀመጡ። ወደ ጥጋቸው ተመልሰው በሃምሳው አዩ። ወንበሩ አልገባም፤ ክንዱ ብቻ ነው የታየው። ወደኋላ ገፉ። ቀርከሃው ቋ አለ። ይበልጥ ገፉ፤ ከጓዳ በኩል የሆነ ነገር ተንኮታኩቶ ወደቀ። በሩን ከፍተው ውጭ ቆመው ሞከሩ፤ መቃኑ ጋረዳቸው። እንደገና ገቡ። ያ ሰው በየሜዳው እንደ ልቡ ወደኋላ ሲል ኖሮ፣ ገዛ ቤቱ ውስጥ የሚሄድበት አጣ። አዘንኩላቸው። ልቀልድባቸው አፌን ከፍቼ መለስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ቤቱን ከፍቼ ስገባ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ለዚያ ለአጎትሽ ልጅ ደውይለት» አሉኝ። «ሠላሳ አምስቱን ያምጣው። ሃምሳው... አንገቴን ከበደኝ።»

ሃምሳው ሌንስ በመዳፍ ሲይዙት ከአንድ ድንች አይከብድም። «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ በጣም ከባድ ነው» አልኳቸው።

«አትሳቂ።»

«አልሳቅሁም።»

እትዬ የሺ የዚያን ዓመት ክረምት አልተሻገሩም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ የሠርጉን ቀን ሳወራ ልቤ ሳቅ ነው የሚፈልገው።

ሠላሳ አምስቱ ከአዲስ አበባ በካልሲ ተጠቅልሎ መጣ። ጋሼ ፈተውት፣ ወደ ብርሃን አንስተው፣ እፍ ብለው፣ «አጭር ነው» አሉ፤ ሌላ ስም አልሰጡትም። በሠርጉ ጠዋት አዲስ ሸማ ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ካሜራውንም ለኔ ሰጡኝ። ሲሰጡኝ እጃቸው ቶሎ አልለቀቀውም፤ ትንሽ ተጓተትን።

እንደሳቸው አስቸጋሪ ተነሺ እስከ ዛሬ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰውን ሁሉ ሲያስቁ የኖሩት ሰውዬ እንደዚያ ሃምሳ አለቃ ደረቁ። ደግሞ አፋቸው አያርፍም። «ከመስኮቱ ፈቀቅ በይ። ጎንበስ በይ። አንድ ነጥብ ስምንት ላይ ነሽ? ፎከሱን እሷ ዓይን ላይ አድርጊ፣ የኔን ተይው!»

ዳስ ውስጥ እልልታው ቀልጧል። ሙሽሮቹ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ተንበረከኩ። በሌንሱ ሳይ ሁሉም አሉ፤ እናት፣ አባት፣ ሁለቱ ልጆች፣ ከግራና ቀኝም ቦታ ተርፏል። ችግሩ፣ ሌንሱ እንደዚያ ተከፍቶ ሲያነሳ ጥርት የሚለው ስስ ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ፊትና ኋላ ያለው ይደበዝዛል። ጋሼ ደግሞ እኔን ለማረም ወደፊት አሰግገዋል።

«ጋሼ፣ ወደኋላ ይበሉ፣ ከእትዬ የሺ እኩል ይሁኑ። አለበለዚያ ብዥ ይላሉ» አልኳቸው።

ወደኋላ ይበሉ ሲባሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሙሽራው ሳይቀር። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ጎትተው፣ ትከሻቸው ከእትዬ የሺ ትከሻ እስኪገጥም ተጠጉ። እትዬ የሺ በዳሰሳ ፈልገው እጃቸውን የጋሼ ጉልበት ላይ አሳረፉ። «ዝም በል እንግዲህ» አሏቸው። «ዛሬ ተነሺ ነህ።»

ዝም አሉ። ስመኝ የእናቷን ጉልበት ሳመች፣ ቀጥላ የአባቷን። እትዬ የሺ ይመርቁ ጀመር። ጋሼም ሊመርቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል ግን አልወጣም። ያን ጊዜ አነሳሁ።

ምርቃቱ እንዳለቀ፣ «አምጭው» አሉኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ካሜራውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ቆዩ። እኔም ስመኝም ጠበቅን።

«ጥጉ ላይ ቢጫ ጄሪካን ታይቷል» አሉ በመጨረሻ። «ይኸውልሽ፣ የሰፋ ሌንስ ይህ ነው ጣጣው። በሃምሳ ቢሆን ጄሪካኑ አይገባም ነበር።»

እትዬ የሺ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «አንተስ ትገባ ነበር?» አሏቸው።

ጋሼ ምንይችል ካሜራውን ቀስ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የሚስታቸውን እጅ ያዙ።

«አልገባም ነበር» አሉ።

ከዚያ ካሜራውን ወደኔ ዘረጉ። በዚህኛው ጊዜ እጃቸው ቶሎ ለቀቀው።

«እስቲ ድገሚን» አሉኝ።